በሕፃናት መጫወቻ ቅብ ውስጥ ስለሚሰወር እርሳስ

በቋንቋችን «እርሳስ» በሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንደኛው ተማሪ የሚጽፍበት ነው፤ ሁለተኛው ጥይት የሚሠራበት ከባዱ ግራጫ ማዕድን ነው። አውሮፓውያንም በቀድሞ ዘመን በመጻፊያው እንጨት ልብ ውስጥ ያለውን ጥቁር ነገር የእርሳስ ማዕድን ወገን መስሏቸው ነበርና በስሙ የተሳሳትን እኛ ብቻ አይደለንም። ያ ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ሲሆን ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ በእሳት የሚጋገር ነው። ስለዚህ ልጅ የመጻፊያውን ጫፍ ቢልስ ማዕድኑን እርሳስ ላሰ አይባልም። መጠየቅ የሚገባው ስለ ውስጡ ሳይሆን ስለ ውጭው ነው፤ ይኸውም እንጨቱ ስለ ተቀባው ቢጫና ቀይ ቀለም፤ እያሰበ የሚያኝከው ይህንኑ ነውና።

በትምህርት ቤት ልጆች ስለሚይዙት የእንጨት ዕቃ፣ በላዩ ስለ ተቀባው ቅብ፣ በቅቡም ውስጥ ስለሚሰወሩት ከባድ ማዕድናት፣ ቤተ ሙከራ እንዴት አድርጎ እንደሚገልጣቸውም መምህራንና ፊደል የቈጠሩ ሽማግሌዎች ያውቁት ዘንድ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጀ። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በቦረናም በወግዲም በከላላም በሳይንትም በለጋምቦም፣ ልጅ የሚጫወትበት እንጨት ከጥንት ጀምሮ ቅብ የማያውቅ ነው። የገና ዱላ ተቈርጦ ይላጣል እንጂ አይቀባም። ገበጣም ወይ በመሬት ይቈፈራል፤ ወይ ከእንጨት ይፈለፈላል። ደረሳው ቁርኣን የሚማርበት ሎህ ጽሕፈቱ እየታጠበ ዳግመኛ የሚጻፍበት ገላጣ እንጨት ነው። ዛሬ ግን በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት የኦ ክፍል ተከፍቶ ትንንሾቹ ገና ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ ይገባሉ። ለእነርሱም ፊደል የተጻፈበት የእንጨት ቁራጭ፣ መንኰራኵር ያለው ጋሪ፣ ቍጥር መማሪያ ዶቃ ያስፈልጋቸዋልና አናጢው ከባሕር ዛፍ ይሠራላቸዋል፤ ያማረ እንዲሆንም ለበርና ለመስኮት ከተገዛው የዘይት ቀለም የተረፈውን ይቀባዋል። አሳቡ መልካም ነው፤ የእጁም ሥራ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምንድር ነው ብሎ የጠየቀ ብዙ የለም።

ቀለም ከማዕድን መሠራቱ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሊቃውንት የአገራችንን አንዳንድ ጥንታዊ የብራናና የገበታ ሥዕሎች በመሣሪያ በመረመሩ ጊዜ ቀዩ ከባዜቃና ከድኝ፣ ቢጫውም ከአርሴኒክና ከድኝ የተዋሐደ ሆኖ አግኝተውታል። ሆኖም መጽሐፉ በማኅደሩ፣ ሥዕሉም በመጋረጃው ተጠብቆ ይኖራልና ሕፃን አይልሰውም። የመጫወቻ ዕቃ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው።

እርሳስ ወደ ቀለም የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ከክሮሚየም ጋር ሲዋሐድ ደማቅ ቢጫና ብርቱካን ይሰጣል፤ ቀይ እርሳስ የሚባለው ብረትን ከዝገት ይጠብቃል፤ ነጭ እርሳስ የሚባለው በቀድሞ ዘመን የነጭ ቀለም ሁሉ አለቃ ነበረ፤ ሌላው የእርሳስ ውሑድ ደግሞ ዘይቱ ቶሎ እንዲደርቅ በጥቂቱ ይጨመራል። ስለዚህ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይና አረንጓዴ ከሌሎቹ ይልቅ ይጠረጠራሉ። አረንጓዴው ስለ ምን ቢባል ብዙ ጊዜ ከቢጫና ከሰማያዊ ተቀላቅሎ ይሠራልና ነው። ነገር ግን ያለ እርሳስ የተሠራ ደማቅ ቢጫ አለ፤ በማድረቂያው ምክንያት እርሳስ የገባበት ነጭም አለ። በዓይን መፍረድ አይቻልም፤ በሽታም በዋጋም አይቻልም።

አሁን ጉዳቱን እንመልከት። ብረት ለደም፣ ካልሲየም ለአጥንት ያስፈልጋል፤ እርሳስ ግን በሰው አካል ውስጥ አንዳች ሥራ የለውም። ክፋቱ ካልሲየምን መስሎ መግባቱ ነው። አካል ሳያውቀው ተቀብሎ በአጥንትና በጥርስ ያከማቸዋል፤ በዚያም ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ሴት ልጅ አድጋ ባረገዘች ጊዜ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ አካላቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ ሰው አራት ወይም አምስት እጥፍ ነው። በምግቡ ብረትና ካልሲየም የጐደለው ልጅ ደግሞ ከጠገበው ልጅ የበለጠ ይስባል። ይህን ያህል ቢሆን አይጐዳም ተብሎ የሚታመን መጠን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በጥቂት በጥቂቱ የገባ እርሳስ ምንም የሚታይ ሕመም ላያመጣ ይችላል። ልጁ ይሮጣል፤ ይበላል፤ ነገር ግን አሳቡ ይበተናል፤ የተነገረውን መያዝ ይከብደዋል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ አባቱም ይቈጣዋል። ሰነፍ ተማሪ ሁሉ ቀለም የላሰ ነው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የመምህር ሥራ ቀላል በሆነ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ግን የሆድ ቍርጠት፣ የሆድ ድርቀትና የደም ማነስ ይመጣል፤ እጅግ ሲበዛ ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ይስታል፤ ሊሞትም ይችላል። በልጅ አካል ውስጥ ያለው መጠን የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ከደም ውስጥ እርሳሱን የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፤ በአእምሮ ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን አይመልሰውም።

ይህን ነገር ቀድመው በግልጥ ካስተዋሉት መካከል በአውስትራልያ በክዊንስላንድ አገር የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። በ1890ዎቹ ዓመታት በብሪዝበን ከተማ ሆዳቸው የሚቈርጣቸው፣ የእጃቸው አንጓ የሚዝልባቸው፣ ዓይናቸውም የሚታወክ ሕፃናት ወደ ሆስፒታል ይመጡ ነበር። መርዙ እርሳስ መሆኑ ታወቀ፤ ምንጩ ግን ተሰወረ። ሎክሃርት ጊብሰን የተባለው የዓይን ሐኪም በ1904 ምንጩ የቤቱ ቅብ ነው ብሎ ጻፈ። የበረንዳው የእንጨት አጥር በነጭ እርሳስ ተቀብቶ ነበር፤ ፀሐይ ቅቡን ወደ ዱቄት መለሰችው፤ ልጆቹም አጥሩን ይዘው ሲጫወቱ ዱቄቱ በእጃቸው ይጣበቅና ጣታቸውን ሲጠቡ ወደ ሆዳቸው ይገባ ነበር። ብዙ ሰው ነገሩን ለመቀበል ዘገየ፤ ክዊንስላንድ ሕፃናት በሚደርሱበት ስፍራ እንዲህ ያለውን ቀለም በሕግ የከለከለችው በ1922 ነው። በእኛም ደጋ የቀኑ ፀሐይ ብርቱ ነውና ወደ ፀሐይ መውጫ የዞረ የተቀባ በር ላይ እጁን የሚያሻሽ ሰው በመዳፉ ላይ ዱቄት ሊያገኝ ይችላል።

ይህ የድሮ ወሬ ነው እንዳይባል ከዘመናችን አንድ እንጨምር። በ2007 በሰኔ ወር በአሜሪካ ቶማስ በሚባለው ተረት የተሰየመ፣ በቻይና የተሠራ የሕፃናት የእንጨት ባቡር በቅቡ ውስጥ እርሳስ ስለ ተገኘበት 1.5 ሚሊዮን ያህል ዕቃ ከገዢዎች እንዲመለስ ተደረገ። ዕቃው ርካሽ አልነበረም፤ ሥራውም ያማረ ነበረ፤ ሻጩም ገዢውም በዓይኑ ምንም አላየም። በሚከተለው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 600 እጅ የነበረውን የቀለም ወሰን ወደ 90 እጅ ዝቅ አደረገው።

የእኛም አገር በዚህ ነገር ዝም አላለችም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2013 ባወጣው መግለጫ ከገበያ ተገዝቶ የዘይት ቀለማቸው ከተመረመረባቸው ዘጠኝ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ እርሳስ የበዛባቸው ቀለሞችም ተገኙ። ከዚያም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 በደንብ ቍጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ ቍጥር ለገበሬ እንዲገባው እንዲህ እንበል፤ አንድ ኩንታል ደረቅ ቅብ ቢኖር በውስጡ የሚፈቀደው እርሳስ 9 ግራም ብቻ ነው። ከመቶ አንድ እጅ እርሳስ ያለበት ቀለም ግን በኩንታሉ ውስጥ አንድ ሙሉ ኪሎ ይዟል ማለት ነው። ደንቡ ወደ ፊት የሚሠራውንና የሚሸጠውን ይገዛል፤ ከመውጣቱ በፊት የተቀባውን በርና ወንበር ግን አይፍቀውም፤ በዕቃ ቤት ጥግ የተረሳውንም አሮጌ ቆርቆሮ አይደፋውም።

እንግዲህ ወደ ቤተ ሙከራው፣ በተለምዶ ላቦራቶሪ ወደሚባለው ቤት እንግባ። መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እንጨቱን ሳይሆን ቅቡን ነው። ስለዚህ በስለታም ምላጭ ቅቡን ብቻ እየፋቀ በንጹሕ ወረቀት ላይ ያጠራቅማል። እንጨት አብሮ ከተፋቀ ወተት ውስጥ ውሃ እንደ መጨመር ነው፤ የእርሳሱን መጠን አሳንሶ ያሳያል። ቀዩ ለብቻው፣ ቢጫውም ለብቻው ይፋቃል። ከዚህ በኋላ ተፈጭቶ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት ይነፋል። የሚያስፈልገው 100 ሚሊግራም ነው፤ ይህም ሦስት መቶ ያህል የጤፍ ፍሬ የሚመዝነው ነው። ከ10 ሚሊግራም ያነሰ ሲሆን ግን ምርመራው አይደረግም።

ቀጥሎ የሚደረገው የሕፃኑን ሆድ መምሰል ነው። የሰው ጨጓራ ምግብ የሚያላምበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ፈሳሽ አለው፤ የተዋጠው ቅብ እርሳሱን የሚለቀው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ስለ መጫወቻ ዕቃ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ ኤስ ኦ 8124 ክፍል 3 የሚባለው፣ ይህንኑ በብርጭቆ ውስጥ ያስደርጋል። በተነፋው ቅብ ላይ ክብደቱን 50 እጥፍ የሆነ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈስበታል፤ ለ100 ሚሊግራም 5 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ይሆናል። ብርሃን ሳያገኘው አንድ ሰዓት ይናወጣል፤ አንድ ሰዓት ደግሞ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ከዚያም በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ይጣራል። በማጣሪያው ላይ የቀረው ልጁ እንደ ዋጠው የሚያወጣው ነው፤ በጠራው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ግን ወደ ደሙ ሊገባ የሚችለው ነው።

በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ስምንት ነገሮች ይፈለጋሉ። ወሰናቸውም በአንድ ኪሎ ቅብ በሚሊግራም ሲቈጠር እርሳስ 90፣ ካድሚየም 75፣ ባዜቃ 60፣ አንቲሞኒ 60፣ ክሮሚየም 60፣ አርሴኒክ 25፣ ባሪየም 1000፣ ሴሌኒየም 500 ነው።

ፈሳሹ ግን እንደ ውሃ የጠራ ነውና እርሳሱ በምን ይታያል? ይህ ከሥራው ሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ማዕድን ለራሱ ብቻ የተወሰነ የብርሃን ወገን አለው፤ የሌላውን ያሳልፋል፤ የራሱን ግን ይውጣል። ስለዚህ ከራሱ ከእርሳስ የተሠራ መብራት ይበራና ፈሳሹ በሚረጭበት ነበልባል ውስጥ ብርሃኑ እንዲያልፍ ይደረጋል። በነበልባሉ ውስጥ እርሳስ ካለ ብርሃኑ ይጐድላል፤ የጐደለውም ተለክቶ የእርሳሱ መጠን ይታወቃል። የዚህ መሣሪያ ስም አቶሚክ አብዞርፕሽን ይባላል። ገበያ የወጣ ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ድንጋይ እንደሚፈትን፣ መርማሪውም ምንም ቅብ ያልገባበትን አሲድና መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ አብሮ ይመረምራል። ይህን የማያደርግ ቤተ ሙከራ የሚሰጠው ቍጥር አይታመንም።

የሒሳብ መምህር ለተማሪዎቹ ሊሰጠው የሚችል ምሳሌ እነሆ። መሣሪያው በአንድ ሊትር ፈሳሽ 4 ሚሊግራም እርሳስ አለ ቢል፣ 5 ሚሊሊትር የሊትር ሁለት መቶኛ ክፍል ነውና በብርጭቆው ውስጥ ያለው 0.02 ሚሊግራም ነው። ይህም ከ100 ሚሊግራም ቅብ የወጣ ነው። 100 ሚሊግራም የኪሎ አሥር ሺኛ ክፍል ስለሆነ 0.02 በ10,000 ሲባዛ በኪሎ 200 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ ቅብ ወሰኑን አልፏል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በመጫወቻው ደረጃ ውስጥ ያለው 90 እና በእኛ ደንብ ውስጥ ያለው 90 ቍጥራቸው አንድ ሲሆን ነገራቸው ልዩ ነው። የመጀመሪያው በቀጭኑ አሲድ ተፈትቶ የወጣውን ብቻ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው በቅቡ ውስጥ ያለውን እርሳስ ሁሉ ይቈጥራል። ሁሉን ለመቍጠር ቅቡ በብርቱ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ በሙቀት ይፈታል። በአንደኛው ያለፈ ቅብ በሁለተኛው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ተመርምሮ አልፏል» የሚል ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ የሚቀርበው ጥያቄ በየትኛው ምርመራ የሚል ነው።

ሳይፋቅ የሚመረምር መሣሪያም አለ። እንደ ሽጉጥ ተይዞ ወደ ዕቃው ሲደገን የራጅ ጨረር ይልክና ማዕድናቱ የሚመልሱትን ጨረር አንብቦ በጥቂት ሰከንድ ይናገራል። ዕቃውን አያበላሽም፤ ብዙ ዕቃ በአንድ ቀን ለመለየት ይጠቅማል። ሆኖም የእርሳስና የአርሴኒክ ጨረር እጅግ ተቀራራቢ ነውና አንዱን በሌላው ሊያሳስት ይችላል፤ ቅቡም ስስ ሲሆን ንባቡ ይዛባል። የተጠረጠረው ዕቃ መጨረሻ ወደ አሲዱ መመለሱ አይቀርም። እየተቀባ ቀለሙ ሲለወጥ እርሳስ አለ የሚባልበት ትንሽ መሞከሪያም በውጭ አገር ይሸጣል፤ ሕፃን የሚጫወትበትን ዕቃ በእርሱ ብቻ ማጽደቅ ግን አይገባም።

ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ሩቅ መሆኑ ይታወቃል፤ ነገር ግን ቅብ ቀላል ጭነት ነው። መምህሩ ልጆች በሌሉበት ሰዓት ከያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ፍቆ፣ በንጹሕ ወረቀት ለየብቻው ጠቅልሎ፣ ከምን ዕቃ እንደ ተወሰደና መቼ እንደ ተቀባ በላዩ ጽፎ ሊልከው ይችላል። ከመላኩ በፊት ግን የሚመረምረው ቤት ይህን ምርመራ ማድረግ መቻሉን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዕቃ ምርመራና ምዘና የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት በአዲስ አበባ ይገኛል፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በመካነ ሰላም ካምፓስ ስላለው ምክር ለመጠየቅ ከዚያ መጀመር ይቻላል። የምርመራው ዋጋ ለአንድ ትምህርት ቤት የከበደ እንደሆነ ጐረቤት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ነጋዴ የገዙትን ቀለም ተባብረው ቢያስመረምሩ ዋጋው ይቀላል። የወላጅና የመምህር ኅብረት ሊነጋገርበት የሚገባ ነገር ነው።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ምን ይደረግ? ቅቡ የሚላቀቅ የእንጨት መጫወቻ ከክፍል ይውጣ። ይህን ሲያደርግ መምህሩ የሰጠውን ሰው እንዳያሳፍር ነገሩን አስቀድሞ ያስረዳው፤ አናጢውም ጎረቤት ነው፤ ቀለሙን አልፈበረከውም። ማንም ሰው አሮጌውን ቅብ ለማስለቀቅ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አይሞርደው፤ በእሳትም አያቃጥለው፤ ዱቄቱና ጢሱ ከቅቡ ይልቅ የከፋ ነውና። የተቀባውን እንጨት ለምድጃ መስጠትም እንዲሁ ነው። ቅቡ ያልተላጠ በርና መስኮት በእርጥብ ጨርቅ እየተወለወለ ሊቆይ ይችላል። ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይርከፍከፍበት።

ለአዲስ መጫወቻ ግን ቀለም ለምን ያስፈልጋል? በደንብ የተላገና የለሰለሰ ዋንዛ ወይም ወይራ በራሱ ያማረ ነው። ፊደሉን በጋለ ብረት ተኩሶ መጻፍ ይቻላል፤ ከቀለሙም ይልቅ አይፋቅም። እንጨቱ ከእርጥበት እንዲጠበቅ ከተፈለገ በደጋችን የሚዘራው ተልባ አለ። የተልባ ዘይት ከኑግ ዘይት ይልቅ በአየር ላይ ይደርቃልና በጨርቅ በስሱ ተቀብቶ፣ የተረፈው ተጠርጎ፣ ብዙ ቀን በነፋስ ቢቀመጥ ለእንጨቱ ጠንካራ ቆዳ ይሆንለታል፤ በላዩም ንጹሕ ሰም ማሸት ይቻላል። ዘይቱ ግን ለምግብ እንደሚሆነው በንጹሕ የተጨመቀ ይሁን። በቀለም መደብር ቶሎ እንዲደርቅ ተደርጎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት የማዕድን ማድረቂያ የተጨመረበት ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም። በለጋምቦና በሌላው ብርዳም ስፍራ መድረቁ ይዘገያል፤ አናጢው ካልተጣበቀ በቀር ደርቋል ብሎ አይቸኩል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማዶ በአንድ ጥግ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው በገዛ ሙቀቱ ሊነድ ስለሚችል ሥራው እንዳለቀ በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም በውሃ ተነክሮ ይታጠብ።